ቤት ሳይቀየር ተወካይ ሲቀየር

እህቴ፣ «ቤት አልቀየርኩም፣ የኮንግረስ ተወካዬ ግን ተቀየረ። አንዱ በዘር ነው ይለኛል፣ ሌላው በፓርቲ። የቱ ነው? ልዩነቱስ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ነው የምኖረው። እዚህ በደንብ ስላየነው ትንሽ ላስረዝመው። (ዘር ስል የቆዳ ቀለም ማለቴ ነው፣ የኛው አገር ወሬ እንዳይመስልብኝ። ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።)

ኤ ኤንድ ቲ የሚባል ትልቅ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ አለን። በ2016ቱ የምርጫ ካርታ የዲስትሪክቱ (አንድ የኮንግረስ ተወካይ የሚመርጠው ወረዳ) መስመር ግቢውን ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ። ድንበሯ ሎረል የምትባል መንገድ ናት። ኡበር ስሠራ ስንቱን ተማሪ እዚያች መንገድ ላይ አውርጃለሁ። ተማሪው ከማደሪያው ወጥቶ ክፍል ሲገባ ተወካይ ይቀይራል! ሁለቱንም ወንበር ደግሞ ሪፐብሊካኖች ነበሩ የያዙት።

ታዲያ ይሄ ዘር ነው ፓርቲ? የካርታውን ሥራ የመሩት የስቴቱ ምክር ቤት አባል ዴቪድ ሉዊስ አልደበቁም። 10 ለሪፐብሊካን፣ 3 ለዲሞክራት ያደረግነው 11 ለ2 ማድረግ የሚቻል ስላልመሰለኝ ነው ብለው በስብሰባ ላይ ተናገሩ። አፍ አምልጧቸው እንዳይመስልሽ። መከላከያቸው ነው! የቀድሞውን ካርታ ፍርድ ቤት «በዘር የተሠራ» ብሎ ጥሎባቸው ነበር። ስለዚህ «በፓርቲ ነው» ማለት ነበረባቸው። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የፓርቲ አድልዎ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም አለ። አለቀ።

ችግሩ እዚህ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ጥቁር መራጭ ከ10 ወደ 9ኙ ዲሞክራት ነው የሚመርጠው። ዲሞክራቱን በታተንሽ ማለት ጥቁሩን በታተንሽ ማለት ነው። በ2024 ደግሞ በሳውዝ ካሮላይና ጉዳይ ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ዘሩን ከፓርቲው ለይታችሁ አስረዱ» ብሎ ሸክሙን ከሳሾቹ ላይ ጫነው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ «ፓርቲ» የምትለዋ ቃል የይለፍ ወረቀት ሆናለች።

ዲሞክራቶቹም ጻድቅ አይደሉም። ኢሊኖይንና ሜሪላንድን ማየት ነው። እዚሁ እኛ ጋም በ1992 12ኛው ዲስትሪክት አይ 85 የሚባለውን አውራ ጎዳና ተከትሎ 160 ማይል እንደ እባብ ሲጋደም ምክር ቤቱ በነሱ እጅ ነበር። አንዳንድ ቦታ ስፋቱ ከአውራ ጎዳናው አይበልጥም። ግን በዚያ ዓመት ነው ስቴቱ ከ1901 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ተወካዮችን ወደ ኮንግረስ የመረጠው። እና ያን እባብ አይቶ ዝም ብሎ መሳቅ ይከብደኛል።

የ2023ቱ ካርታ ጊልፎርድ ካውንቲያችንን ለ3 ቆራረጠው። 7 ለ7 የነበረው የስቴቱ የኮንግረስ ወንበር በ2024 ምርጫ 10 ለሪፐብሊካን፣ 4 ለዲሞክራት ሆነ። የስቴቱ ገዢ ማገድ አይችሉም፣ የዚህ ስቴት ሕግ በካርታ ላይ ቪቶ (ውሳኔ የመሻር ሥልጣን) አይሰጣቸውም።

ስለዚህ ምክሬ፦ አድራሻሽን የስቴትሽ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ ዲስትሪክትሽን እይ፣ የጎረቤትሽን አይተሽ አትተማመኚ። ከዚያ የስቴት ምክር ቤት ምርጫን አትዝለዪ። አብዛኛው ስቴት ላይ መስመሩን የሚያሰምሩት እነሱ ናቸው። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ናሙና የምርጫ ወረቀቶቻችንን ገጠምን። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ የአንድ ከተማ ሰዎች፣ የያንዳንዳችን የኮንግረስ ዕጩ ሌላ ነበር።