ዘይቱ ስለጠቆረ አልተቀየረም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት ያገለገለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ከግለሰብ ገዛሁ። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው፣ ፋይቭ ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ሲሆን ቆጣሪው 214,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። የቀድሞው ባለቤት ስለ ሰርቪሱ ምንም ወረቀት ስላልነበረው ሁሉንም ከአዲስ ልጀምር ብዬ ደሴ ወደሚገኝ ጋራዥ አስገባሁት። የሞተር ዘይቱ፣ የዘይት፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮዎቹ እንዲሁም የታይሚንግ ችንጋው መቀየራቸውን በደረሰኝ ጽፈው አስረከቡኝ። ኮምቦልቻ ገብቼ በማግስቱ ጠዋት ዘይቱን ስለካ ጠቁሮ አገኘሁት፤ በሳምንቱ ደግሞ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት ስወጣ ከኋላዬ ጥቁር ጭስ አየሁ። ጎረቤቴ «ምንም አልቀየሩልህም» ይለኛል። ሳላጣራ ሰው መክሰስ አልፈልግም፤ ገንዘቤም በከንቱ እንዲቀር አልሻም። በምን ላረጋግጥ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመክሰስዎ በፊት ለማጣራት መፈለግዎ ተገቢ ነው፤ ከጠቀሷቸው ሁለት ምልክቶች አንዳቸውም ጋራዡን ለመውቀስ አይበቁምና። የናፍጣ ሞተር ዘይት እንደ ቤንዚን ሞተር ዘይት ለሳምንታት ማር መስሎ አይቆይም። ናፍጣ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጥላሸት በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ አሮጌው ዘይት በሚገባ ቢፈስ እንኳ በሞተሩ ውስጥ ባሉት መተላለፊያዎች የሚቀረው ጥቁር ዘይት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ከ200,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሄደ ሞተር ላይ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዘይቱን ለማጥቆር በቂ ነው። እንዲያውም የጥሩ ዘይት አንዱ ሥራ ጥላሸቱን ይዞ ማቆየት ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ከቀለሙ ተነሥተው የሰጡት ፍርድ ትክክል አይደለም።

ከቀለሙ ይልቅ መጠኑን ይዩ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መለኪያውን አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉት፤ መልሰው ከተው ሲያወጡት ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘና የናፍጣ ሽታ ካለው ግን ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ያስመርምሩ። ቀጥሎ ከሥር ወደ ዘይት ማፍሰሻው ብሎን ይመልከቱ። በቅርቡ የተፈታ ብሎን የቁልፍ አሻራው ብረቱ ላይ ያበራል፤ ዙሪያውም የተጠረገ ይሆናል። የዘይት ፊልትሮውም እንዲሁ ነው፦ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የከረመ አቧራና ዘይት ጋግሮ ያልያዘ ከሆነ ተቀይሯል ለማለት ይቻላል። ብሎኑም ፊልትሮውም የከረመ ጭቃ እንደያዙ ካገኟቸው ግን ያ እውነተኛ ማስረጃ ነውና ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

የጭሱ ነገር በከፊል ከአገሩ አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር አያገኝም፤ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ዳገት ሲወጣ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያሳይ ብዙ አያስደነግጥም። ጭሱ ሜዳ ላይም የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰማያዊው ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያመለክታል።

ያም ሆኖ ጥቁር ጭስ በተደፈነ የአየር ፊልትሮ ምክንያትም ስለሚመጣ እሱን ዛሬውኑ ከፍተው እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ ፊልትሮ ገብቷል ተብዬ ከከፈልኩ በኋላ ቤቴ ደርሼ ሽፋኑን ስከፍት፣ የወረቀቱ እጥፋት ከላይ በኮምፕሬሰር ተነፍቶ የጸዳ ቢመስልም በጣቶቼ ከፈት ሳደርገው ሥሩ ድረስ ግራጫ አቧራ ቆንጥጦ ይዞ ነበር። በአንድ በኩል ደግሞ የጎማው ጠርዝ ስለተሰነጠቀ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አስገብቼ ሳሻሽ ጨርቁ አፈር ይዞ ወጣ። እርስዎም ይህንኑ ያድርጉ። ከፊልትሮው በኋላ ያለው ቱቦ ውስጥ አቧራ መገኘት የለበትም፤ በተለይ በባቲ በኩል ወደ ቆላው የሚመላለሱ ከሆነ፣ በዚያ ቀዳዳ የሚገባ አቧራ ሲሊንደሩንና ቀለበቶቹን ሞርዶ ሞተርን ያለ ዕድሜው ለሙሉ እድሳት ይዳርጋል።

የናፍጣ ፊልትሮውን በአዲስነቱ ከመለየት በተጨማሪ ከሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ጥቂት ላላ አድርገው በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ይቀበሉ። ውሃ ካለ ከናፍጣው ሥር ይዘቅጣል፤ ድንበሩም በዓይን ይለያል። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ መኪናው ጠዋት ጠዋት ቶሎ አልነሣ ካለ አየር በሚገባ ሳይወጣለት ቀርቶ ወይም በመጋጠሚያው በኩል አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያጣጥመው የታይሚንግ ችንጋ ነው። በእንደዚህ ዓይነቱ ሞተር ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ሲኖርበት፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ ጉዳቱም ከአንድ ችንጋ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ያገለገለ መኪና ቆጣሪ ሊነካካ ስለሚችል 214,000 የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዘው አያስሉ። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የችንጋ መብራት መጥፋቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ችንጋው ሳይነካ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላልና። ጋራዡን አሮጌውን ችንጋ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ካልተገኘ የሽፋኑን ብሎኖች ይመልከቱ፤ ቁልፍ ነክቷቸው እንደሆነ ያስታውቃሉ። እነሱም ካልተፈቱ የእጅ ዋጋ ከፍለው ሌላ መካኒክ እርስዎ ቆመው እያዩ ሽፋኑን ይክፈተው። አዲስ ችንጋ በጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል፤ ጥርሶቹም ስል ናቸው፤ ጠርዙ አይቦጫጨቅም። በዚያው የመወጠሪያው ኩሽኔታ በእጅ ሲሽከረከር ድምፅ አለማሰማቱን ያረጋግጡ።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዘው፣ ሥራ ባልበዛበት ሰዓት ኃላፊውን ለብቻ ያነጋግሩ። «አታለላችሁኝ» ብለው ከመጀመር «ይህን ሥራ አብረን እንየው» ማለት ስህተቱን ለማረም በር ይከፍታል። ለወደፊቱ የወጣው ዕቃ በሙሉ ጋቢና ውስጥ እንዲቀመጥልዎ መኪናውን ሳያስረክቡ ይስማሙ፤ ዘይቱንም ማሸጊያው ያልተከፈተ ጀሪካን ገዝተው ሲጨመር ይዩ፤ በአዲሱ ፊልትሮ ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት።

የችንጋው ሽፋን ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ግን መኪናውን ከኮምቦልቻ ብዙ አያርቁት፤ አዲስ አበባም ሆነ ሚሌ የሚያስኬድ ጉዳይ ካለዎት በሌላ መኪና ይሂዱ።