ልጅሽ ፍዝዝ የምትለው «ኬሚካል ስላነሳት» ነው ወይ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴ ታሪክ ነው የመሰለኝ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ ለሰከንዶች ፍዝዝ ትላለች፣ ካርባማዜፒን የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድሃኒት ከጀመረች ወዲህ ደሞ ባሰባት፣ ጎረቤትሽ «የአንጎል ኬሚካል አንሷት ነው» አለችሽ። ሀኪም አይደለሁም፣ ያየሁትንና ዶክተሩ ወረቀት ላይ እየሳለ ያስረዳኝን ልንገርሽ።

የኔዋን ልብ ያልኳት ጣና ዳር አሳ እየበላን ነው። ጉርሻውን አፏ ጋ አድርሳ ቀጥ አለች፣ የአይኗ ቆብ ብቻ እርግብ እርግብ ይላል፣ 10 ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ከዛ ምንም እንዳልሆነ ጎረሰችው። ትምህርት ቤትማ «አትሰማም» እያሉ ሲቀጧት ከርመዋል።

ጋባ የሚባል የነርቭ መልእክተኛ አለ፣ ስራው ሴሎችን ዝም ማሰኘት ነው። በብዙው የሚጥል በሽታ እሱን ማገዝ ይጠቅማል፣ አብሰንስ በሚባለው፣ ልጆቻችንን ለሰከንዶች በሚያፈዘው አይነት ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንጎል መሀል ያለውን ታላመስ ጋባ ጫን ሲለው ቲ-ታይፕ የሚባሉት የካልሲየም በሮች ለመከፈት ይዘጋጃሉ፣ ጫናው ለቀቅ ሲል ሴሎቹ ባንዴ ይተኩሳሉ፣ ተኩሱ ደግሞ ጋባን መልሶ ይቀሰቅሰዋል፣ እንዲህ እያለ ከላይኛው አንጎል ጋር በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ ይመላለሳል። ሰርግ ቤት ሁሉም ባንድ ምት ሲያጨበጭብ አጠገብሽ ያለችው የምታወራው አይሰማሽም አይደል፣ ልጅቷም እንደዛ ናት። ስለዚህ ጎረቤትሽ ኬሚካል ያለችው ጋባን ከሆነ «አንሷት ነው» የሚለው ልክ አይመስለኝም።

ጋባን የሚያበዙት ቪጋባትሪንና ቲያጋቢን የሚባሉ መድሃኒቶች የሚያባብሱትም ለዚህ ነው፣ ካርባማዜፒንም በሌላ መንገድ ያባብሳል፣ ፌኖባርቢታልም ለዚህኛው አይረባም። እኛን መጀመሪያ ያየን ክሊኒክም ካርባማዜፒን ነበር የሰጠን፣ ሁለት ወር በከንቱ (አሁንም ያንገበግበኛል)።

እነዛን የካልሲየም በሮች የሚዘጋው ኢቶሱክሲማይድ የሚባል መድሃኒት ነው። በ2010 የወጣ 453 ልጆች ላይ የተሰራ ጥናት እሱና ቫልፕሮዬት የሚባለው መድሃኒት ላሞትሪጂን ከሚባለው እንደሚሻሉ፣ እሱ ደግሞ ትኩረትን ከቫልፕሮዬት ያነሰ እንደሚጎዳ አሳይቷል። እኔ ግን ባህር ዳር በባጃጅ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ አጣሁትና ቫልፕሮዬት ጀመርን፣ ተሽሏታል፣ ግን ስታድግ እርግዝና ላይ ፅንስ ስለሚጎዳ ከሀኪሙ ጋር ገና የምናወራው አለ።

ካርባማዜፒኑን ግን በራስሽ እንዳታቆሚው፣ ድንገት ማቆም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሲመጣባት በስልክ ቅረጪና የነርቭ ሀኪም ጋ ውሰጃት፣ ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ምርመራ) ጠይቂ። ጠበሉንም እኔ ወስጃታለሁ፣ ከክኒኑ ጋር። የኛ ሀኪም ፍዘቱን እዛው ለማየት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ቶሎ ቶሎ እንድትነፋው አደረጋት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቱ መወዛወዙን አቆመ፣ እሷ አፏን እንዳሞጠሞጠች ቀርታለች።