ጎዳና ላይ ላለ ሰው ከሳንቲሙ ይልቅ የሚቸግረው ዋስ ነው

እህቴ፣ በሥራ ተዛውረሽ ወደ ደሴ ከመጣሽ ወዲህ እሑድ ከመድኃኔዓለም ስትወጪ ደጃፍ ለተቀመጡት ሳንቲም እንደምትሰጪ፣ ማታ ግን እነዚያኑ ሰዎች ፒያሳ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው ስታያቸው ልብሽ እንደማይረጋ ጽፈሻል። «ሃይማኖቴ የሚጠይቀኝ ይህን ብቻ ነው ወይ?» ብለሻል። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጨርቅ እነግዳለሁ፣ የሰፈራችን ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) ጸሐፊም ነኝ። የምነግርሽ በዚሁ በቅሬው ሥራ ያየሁትን ነው።

ደሴ ዳቦ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው አጥታ አታውቅም። ዓርብ ሸዋ በር መስጊድ ደጃፍ ሰደቃ አለ፤ ወር በገባ በ27 የመድኃኔዓለም ዝክር አለ፤ ረመዳን ሲመጣ ማፍጠሪያው ለአላፊ አግዳሚውም ይተርፋል። የንጉሥ ሚካኤል ግብር ማብያ የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ ያለበት ከተማ ነውና በማብላት እንኳ አንታማም። የሚጠፋው «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ነው። ቤት ለመከራየት ዋስ ይጠየቃል፤ ዘበኛ ሆኖ ለመቀጠር ተያዥ ይጠየቃል፤ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል። ከወለጋ ሌሊት ሸሽቶ የመጣ ሰው መሸኛውን ከማን ይቀበል? በ2009 ዓ.ም. ድሃን የሚደግፈው የመንግሥት የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች፤ ድሃውን የሚለየው ግን የሰፈር ኮሚቴ ነው። ሰፈሩ የማያውቀውን ሰው ማን ስሙን ያነሣዋል?

ይህ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀሉትን በየትምህርት ቤቱ ተቀበልን፤ ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛው ተፈናቃይ ሆነን ደብረ ብርሃን ገባን። መታወቂያዬ በኪሴ ነው፣ ጥቂት ብርም ይዣለሁ። ቤት ያገኘሁት ግን አንድ የቆየ ደንበኛዬ ለአከራዩ ደውሎ «ሰውየውን አውቀዋለሁ» ስላለልኝ ነው።

መናኸሪያ አካባቢ ሸክም እየሠራ ከሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ነበር። ከዓረብ አገር ተጠርዞ የተመለሰ ነው፤ ቀዬው ሩቅ አይደለም፣ ባዶ እጁን እናቱ ፊት መቆም አፍሮ ነው የቀረው። ሳሉ ጎረቤት በረንዳ ያደሩትንም አላስተኛ ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ቲቢ ሆነ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ ነገር ግን 6 ወር ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት። ነርሷ «አድራሻህ?» ስትለው መሬት መሬት አየ። የእኔን ሱቅና ስልክ አስጻፍን። እንክብሉን የሱቆቹ ዘበኛ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ከዝናብ ያስቀምጥለታል፤ ጎሕ ሲቀድ ሻይ ያፈላለትና እስኪውጥ ድረስ ከአጠገቡ አይንቀሳቀስም። ዘበኛው የተዋሕዶ ልጅ ነው። በጾም ወራት ለራሱ ሳይቀምስ ለዚህኛው ዳቦ ሲገዛለት አይቻለሁ። አንድ ቀን እንክብሉን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ሊተፋው ሲል ያዘውና ምን ያህል እንደተቆጣው! አባት እንኳ እንዲያ አይቆጣም።

ሰውየው ከዳነ በኋላ ቅሬው ውስጥ እናስገባው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጉባኤው ተንጫጫ። አንድ አዛውንት «ቤት የሌለው ሰው ለማን ድንኳን ይተከልለታል? ጥሎን ቢሄድስ መዋጮውን ማን ይከፍላል?» አሉ። ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ ቅሬ በመዋጮ የሚኖር ነገር ነውና። እኔና ዘበኛው ተያዥ ሆነን ፈረምን። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሲኖር ወንበርና ድንኳን የሚያጓጉዘው እሱ ሆነ። እንዲህ ሲሠራ ያዩት አንዲት ባልቴት የጓሮ ክፍላቸውን አከራዩት። እኛ ለምነናቸው አይደለም።

ስለዚህ አንቺም ከአንድ ሰው ጀምሪ። ስሙን ጠይቂ፣ ከየት እንደመጣ ሳትመረምሪ ስሚው፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ሂጂ። ከዚያ ሰፈርሽ ውስጥ ያለውን ቅሬ ወይም የሰንበቴ ማኅበርሽን ይዘሽ ቅረቢ። ብቻሽን አትሁኚ፤ የገንዘብ ዋስትና ከሆነ ደግሞ ቢጠፋ መክፈል የማትችይውን አትፈርሚ። የሚጠፋ አለ። የፈረምኩለት ሰው ጠፍቶብኝ ከፍያለሁ፤ ሌላው ላይ ግን አላኮረፍኩም።

ምግብ ይዘሽ ስትወጪ ሥጋ ካለበት የማን እርድ እንደሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። የራበው ሰው ሃይማኖት የለውም ብሎ ማሰብ ንቀት ነው። ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ዳቦ ከሆነ ሁሉንም ያስማማል። ማስቲሽ ለሚስቡት ልጆች ብር በእጃቸው አትስጪ፤ ቁርስ ቤት ወስደሽ አብረሻቸው ተቀመጪ። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ደግሞ ጸበልም ዱዓም አይከልክሉት፤ ሐኪም ግን ይታከልበት።

አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ብርድ ልብስ እያለበሱ ፎቶ ማንሣት። የእናንተ ወንጌል ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል፤ የእኛም ሐዲስ በፍርድ ቀን የአላህን ጥላ ከሚያገኙት መካከል ግራው እስከማታውቅ ድረስ ደብቆ የሚሰጠውን ይቆጥራል። በዚህስ ላይ ተስማምተናል፤ ስልኩን ኪሳችን ብንከት ምን አለበት?

አንቺ ባንክ ውስጥ መሥራትሽ ደግሞ እኛ የማንችለውን ነገር በእጅሽ አድርጎልሻል። ሸክም የሚሠሩት ሰዎች የዕለት ገቢያቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ተኝተው ሌሊት ይዘረፋሉ። ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለፋይዳ ሰነድ የሌለው ሰው ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ምስክር ሆኖት መመዝገብ ይችላል። ምስክሮቹን ከቅሬው እናመጣልሻለን። መልስ ያጣንለት ግን፣ ስልክ የሌለው ሰው በመልእክት የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር በማን ስልክ ይቀበል የሚለው ነው። በሌላ ሰው ስልክ ቢሆን ገንዘቡን ለዚያ ሰው ማስረከብ ይሆንብናል። እስኪ ከሥራ አለቃሽ ጋር ተነጋገሪበትና መልሱን እዚሁ ጻፊልን።