ለቤትም ለካምፒንግም አንድ ጄኔሬተር፦ 2 ኪሎዋት ወይስ 3.5?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ፣ ዋይፋይና ጥቂት አምፖል የሚችል፣ ለካምፒንግ ሲወጡም መኪና ላይ የሚጫን አንድ ኢንቨርተር ጄኔሬተር (የሞተሩ ፍጥነት ከጭነቱ ጋር የሚለዋወጥ) ቢገዙ የቱ ይሻላል? ብዙዎቹ መልሶች "ትልቁን ይግዙ፣ አይቆጩም" የሚሉ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ትልቁ የሚያስፈልግዎት ፓምፑን የግድ በጄኔሬተር ማስነሳት ካለብዎት ብቻ ነው። ከተዘረዘሩት ዕቃዎች ውስጥ ውሳኔውን የሚወስነው ፓምፑ ነው፤ ሌሎቹ ትንሹን እንኳ አያስጨንቁትም።

ሒሳቡን እንየው። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ከመደበኛ ፍጆታው ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ይወርዳል። መካከለኛ ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት አካባቢ ነው፣ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ግን እስከ 1000 ሊደርስ ይችላል። ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ያላቸው አዳዲሶቹ ፍሪጆች ቀስ ብለው ስለሚነሱ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚፈልጉት። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ማለት ፓምፑ ዘንጉ ላይ የሚሰጠው 370 ዋት ነው፤ ከሶኬት የሚስበው ግን ወደ 600 ይጠጋል፣ ሲነሳ ደግሞ 1800ና ከዚያ በላይ። ቴሌቪዥኑን 100፣ ላፕቶፑን 65፣ ራውተሩን 15፣ አምስት ኤልኢዲ አምፖሎችን በድምሩ 45 ይያዙ። ያለ ፓምፑ ሁሉም አብረው ሲሠሩ 375 ዋት ብቻ ነው። ፍሪጁ በሚነሳባት ቅጽበት እንኳ 1300 አይሞላም። ፓምፑ በእነዚህ ላይ ሲጨመር ግን መነሻው 2200 ይጠጋል።

እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ዕቃ ይለኩ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ዋት መለኪያ ካገኙ በጣም ጥሩ። ካላገኙ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ምልክት ያንብቡና አምፔሩን በቮልቱ ያባዙ፤ የሚያገኙት ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው፣ ለምርጫ እንደ ዋት ቢቆጥሩት አይጎዳዎትም።

ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር። በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛው ጉልበት ነው፤ ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው ማለት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው። ሆንዳ ኢዩ22አይ (EU22i) የተባለውን ሞዴል ብንወስድ ከፍተኛው 2200፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 1800 ዋት ነው፣ ሞተሩም 121 ሲሲ። ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ሲገጥምዎት ሲሲውን ይመልከቱ። 80 ሲሲ ሞተር ያለማቋረጥ 1600 ወይም 1800 ዋት ቢሰጥ ጥሩ ሠርቷል፤ በ80 ሲሲ "3500 ዋት" የሚል ጽሑፍ ካዩ አይመኑት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ከፍታ አለ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቤትዎ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ወደ 23 ከመቶ ሄደ ማለት ነው፤ 1800 የነበረው 1400 ገደማ፣ 2200 የነበረው 1700 ገደማ ይሆናል። ያ ፓምፕ ብቻውን ቢሰካ እንኳ ላይነሳ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከፍታ ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ነዳጅም ይበላል። ሁልጊዜ ከ1500 ሜትር በላይ የሚሠራ ከሆነ ለከፍታ የተዘጋጀ ጄት፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ናስ፣ ያስቀይሩ። ይህም የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፣ ነዳጁን ነው የሚያስተካክለው። ለካምፒንግ ወደ ቆላ ከወረዱ ግን የመጀመሪያውን ጄት መልሰው ያስገጥሙ፤ በከፍታው ጄት ቆላ ላይ ከሠራ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

ፓምፑ ጉልበት ሲያንሰው ምን እንደሚመስል ይወቁት። የጄኔሬተሩ ሞተር ያጓራል፣ ፓምፑ ሳይዞር "እምምም" እያለ ይቆማል፣ ከዚያ ቀዩ የኦቨርሎድ መብራት ይበራና ሞተሩ እየሠራ ሶኬቱ ላይ ኃይል ይጠፋል። "እምምም" ሲል ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አይተዉት፣ የፓምፑ ሞተር ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። የተሰካውን ሁሉ ይንቀሉ፣ ጄኔሬተሩን አጥፍተው ያስነሱ (አንዳንዶቹ ሳያጠፉ የሚጫኑት ሪሴት ቁልፍ አላቸው)፣ ከዚያ ኢኮ ማብሪያውን ያጥፉ። ኢኮ ላይ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ድንገት ለሚመጣ ጭነት በጊዜው አይደርስም። ፓምፕም ሆነ አሮጌ ፍሪጅ የሚነሳው ኢኮ ጠፍቶ፣ ብቻውን፣ ከሁሉም በፊት ነው። ከተነሳ በኋላ ሌላውን ይጨምሩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መብራት ባለ ሰዓት ከፍ ያለ ታንከር የሚሞሉ ከሆነና ፓምፑ መጠበቅ ከቻለ 2 ኪሎዋት አካባቢ ያለውን ይግዙ። ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ሰው በአንድ እጅ አንስቶ መኪና ላይ ይጭነዋል። 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ያሉት አብዛኞቹ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ለሁለት ሰው ሸክም የሆነ ጄኔሬተር ካምፒንግ ሁለቴ ሄዶ ሦስተኛውን ቤት ይቀራል። ፓምፑ የግድ ከሆነ፣ በተለይ ከፍታ ላይ፣ 3 ወይም 3.5 ኪሎዋት ያለማቋረጥ የሚሰጥ ይውሰዱ፤ ወይም ሁለት ትንንሾችን በፓራለል ኬብል፣ ማለትም የሁለቱን ኃይል በሚደምር ገመድ፣ ያገናኙ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ ኬብሉም አምራቹ ለዚያ ሞዴል የሠራው መሆን አለበት። ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ከዝርዝሩ ይውጡ። ሙቀት በጋዝ ነው የሚያዋጣው።

ነዳጁን በተመለከተ አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ያው ሆንዳ 3.6 ሊትር ይይዛል፤ በሙሉ ጭነት 3.2 ሰዓት፣ በሩብ ጭነት 8.1 ሰዓት ይሠራል። ሲያሰሉት በሙሉ ጭነት ከአንድ ሊትር 1.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሩብ ጭነት 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚያገኙት። ለአምፖልና ለዋይፋይ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ ከዚህም የባሰ ብክነት ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ ጣቢያ ካለዎት ፍሪጁ በሚሠራበት ሰዓት አብረው ይሙሉት፣ ሌሊቱን በባትሪው ያሳልፉ። ካምፕ ላይም ጎረቤት ድንኳን ያመሰግንዎታል።

ስለ ድምፅ የሚጻፈው ቁጥር ያሳስታል። አንዱ በ7 ሜትር ርቀት፣ ያውም በሩብ ጭነት የተለካውን ይጽፋል፤ ሌላው "ኤልደብልዩኤ" (LWA) ብሎ የምንጩን ጠቅላላ የድምፅ ኃይል። ሁለተኛው ሜዳ ላይ በ7 ሜትር ከሚሰማው በ25 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል፤ 89 የተባለው 64 አካባቢ ነው። ርቀቱን እጥፍ ሲያደርጉ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ድምፅ ለመቀነስ ብሎ ጄኔሬተሩን በሳጥን መሸፈን ግን አይሞከርም፣ ይታፈናል፣ ይግላል።

ሱቅ ውስጥ ሳይሞክሩ አይግዙ። "ኢንቨርተር" ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ኢንቨርተር አይደለም። እውነተኛው ከዲናሞው የሚመጣውን ወደ ዲሲ ለውጦ እንደገና ንጹሕ ኤሲ አድርጎ ያወጣል፣ ስለዚህ የሞተሩ ፍጥነት ከጭነቱ ጋር መለዋወጥ ይችላል። ኢኮውን አብርተው ዋቱ ጄኔሬተሩ በዚያ ከፍታ ያለማቋረጥ ከሚሰጠው የማይበልጥ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይሰኩ፤ ሞተሩ ሲፈጥን፣ ሲነቅሉት ሲዘገይ መስማት አለብዎት። ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት የሚጮኸው ተራ ጄኔሬተር ነው። ከዚያ ኢኮውን አጥፍተው ውሃ እየቀያየሩ ማንቆርቆሪያውን 20 ደቂቃ ያሠሩት፤ ቮልቱን በመልቲሜትር ይለኩ፣ ካርቶኑ ከሚለው ከ5 ከመቶ በላይ ከወረደ ይተዉት።

አሁን ደግሞ በሕይወት የሚመጣው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው እንደተኛ ይገድላል። ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ድንኳን አጠገብ አይነሳም፤ በር መክፈት አያድንም። ከቤትና ከድንኳን ቢያንስ 6 ሜትር ያርቁት፣ ማርሚታው ከመስኮት በተቃራኒ ይዙር፣ መኝታ ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይስቀሉ። ሁለቱም ጫፍ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ ግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካትም ያው ነው። ኃይሉ በቆጣሪው ወደ ውጭ ይወጣና በትራንስፎርመሩ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይቀየራል፣ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ወይ ዕቃዎቹን በማራዘሚያ በቀጥታ ይሰኩ፣ ወይ ባለሙያ ቼንጅኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከጄኔሬተሩ ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ፣ ያስገባልዎት። ማራዘሚያው 1.5 ሚሜ ካሬ መዳብ ከሆነ እስከ 60 ሜትር፣ 2.5 ከሆነ እስከ 100 ሜትር ይበቃል፤ ጥቅል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ሲሠራ ይቀልጣል።

ጥገናው ቀላል ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም። አዲሱ ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው፤ 10ደብልዩ-30 ይሙሉ፣ ትንንሾቹ ግማሽ ሊትር እንኳ አይፈጁም። ከልክ በላይ ከሞሉ ዘይቱ ወደ አየር ፊልትሮው ይገባል። የመጀመሪያው ቅያሪ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ። ካንዴላው ላይ ያለውን ክፍተት በመመሪያው መሠረት ያስተካክሉ፣ በአብዛኞቹ ትንንሾች 0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ወይም ጨርሶ ካልነሳ ካርቡሬተር ከመፍታትዎ በፊት ዘይቱን ይዩ፤ ሲያንስ ሴንሰሩ ሞተሩን ያጠፋል። ካምፕ ላይ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ከጠፋ ምናልባት ያዘነበለ መሬት ላይ ቆሞ ይሆናል፣ ደልዳላ ቦታ ያዙሩት። ቾክ ሲሳብ ብቻ የሚሠራ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ያረጀ ቤንዚን ጄቱን ደፍኖታል። ይህ እንዳይመጣ ከአንድ ወር በላይ የማይጠቀሙበት ከሆነ ነዳጁን ዘግተው ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትተው የቀረውን ያፍስሱ፣ ታንኩንም ባዶ ያድርጉ። በየወሩ በአዲስ ቤንዚን ግማሽ ሰዓት ያህል ከነጭነቱ ካሠሩት ደግሞ መብራት በጠፋ ቀን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ገመድ ይነሳል።