ውሃውን ከቦርከና ቅዱ

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ኬሚስትሪ ወይም የውሃ ምህንድስና ለምትማሩ፣ በተለይ ደግሞ በብርሃን በሚሠሩ ናኖ ቅንጣቶች ፀረ-ተባይን ከውሃ ለማስወገድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለጀመራችሁ ልጆች ነው። ርዕሱ አሪፍ ነው። ግን ሙከራችሁ በዲስትልድ ውሃ (ተንኖ በተጣራ ንጹህ ውሃ) ተጀምሮ በዲስትልድ ውሃ አይለቅ።

መነሻው የቆየ ነው። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉት ጃፓናውያን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ቅንጣቶቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ነጭ ዱቄት፣ በብርሃን ውሃን እንደሚሰነጥቅ ያሳተሙት በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ይፈናቀላል፤ ኤሌክትሮኑና ትቶት የሄደው ክፍተት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተነካክተው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ኃይለኛ አጥቂ ይፈጥራሉ። ይሄ ያገኘውን ሁሉ ይቦጫጭቃል። ችግሩ ተራው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ካልሆነ አይሠራም፣ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ደግሞ እሱ 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው።

አሁን የቦርከናን ወንዝ በክረምት አስቡት። ሻይ በወተት መስሎ ሲወርድ ብርሃኑ የት ድረስ ይገባል? በውሃው ውስጥ ያለው የበሰበሰ ቅጠልና ባይካርቦኔትም ራዲካሉን ይሻማል፤ ፀረ-ተባዩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ላብ ውስጥ ቶሎ የጠፋው ማላታይን የተባለው ፀረ-ተባይ በወንዝ ውሃ አልጠፋ ቢላችሁ አብሽሩ። ትክክለኛው ውጤታችሁ እሱ ነው፣ እንዳትደብቁት።

ሌላው፣ "ጠፋ" ማለት ምን ማለት ነው? ማላታይን መንገድ ላይ ማላኦክሶን ይሆናል፣ ሌላው ፀረ-ተባይ ክሎርፓይሪፎስም እንዲሁ ወደ ኦክሶን (ድኙ በኦክስጅን ወደተተካበት ቅርጽ) ይለወጣል፤ ሁለቱም ከእናታቸው የባሰ መርዝ ናቸው። አትራዚን የተባለው ፀረ-አረም ደግሞ ሳያኑሪክ አሲድ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። በውሃው ውስጥ የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት ከቻላችሁ ለኩ፤ ስብርባሪው መቅረት አለመቅረቱን እሱ ይነግራችኋል። መሣሪያው ከሌለ "የመጀመሪያው ኬሚካል ቀንሷል" ብላችሁ ብቻ ጻፉ፣ "ውሃው ነጻ" አትበሉ፤ ሰው አምኖ ይጠጣዋል።

መብራቱን ከማብራታችሁ በፊት ዱቄቱን ከውሃው ጋር ጨለማ ውስጥ አቆዩት። አንዳንዱ መርዝ ሳይሰበር ቅንጣቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ እናንተ ግን ብርሃኑ የሠራው ይመስላችኋል። በፀረ-ተባይ ፋንታ ለሙከራ የሚወሰደውን ሜቲሊን ብሉን ደግሞ ተዉት እባካችሁ! ማቅለሚያ ስለሆነ ራሱ ብርሃን ይውጣል፣ ቀለሙ ስለለቀቀ ብቻ ፀረ-ተባዩም ይሰበራል ማለት አይደለም።

ዱቄቱን ከውሃው መልሶ ማውጣትም ራስ ምታት ነው። መስታወት ላይ መለጠፍ ወይም ከማግኔታይት (ማግኔት ከሚስበው የብረት ማዕድን) ጋር ማያያዝ ይቻላል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

የትኛውን መርዝ ልሞክር የምትሉ፣ ከኢንተርኔት አትምረጡ። ወንዙን ተከትላችሁ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙትን ጋሼዎች አነጋግሩ። ምን "መድኃኒት" እንደሚረጩ፣ መርጫ ፓምፑን የት እንደሚያጥቡ ጠይቁ። ስሙን ከጠርሙሱ ላይ ገልብጡ። ፓምፑ የሚታጠበው ወንዙ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጥናታችሁ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ንገሯቸው።