ግፊት የሚለካ የፕሮቲን ቆዳ፦ ጥያቄና መልስ

ኮምቦልቻ ሆኜ ከፕሮቲን የሚሠሩ፣ እንደ ቆዳ እየተለጠጡ ግፊት የሚለኩ ሴንሰሮችን (መለኪያዎችን) እሞክራለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ።

ከደሴ፦ ፕሮቲን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል እንዴ?

ደረቁ ፕሮቲን አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። የሚያስተላልፈው የምንጨምርበት ነው፤ የካርቦን ዱቄት፣ ግራፊን (እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ) ወይም ጨው። የፕሮቲኑ ሥራ መለጠጥ፣ መታጠፍና ከሰው ገላ ጋር መስማማት ነው። ካርቦን ያለበትን ሲጫኑት ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ሬዚስታንሱ (ኮረንቲን የሚከለክልበት መጠን) ይወርዳል። ግፊት ብለን የምናነበው ያንን ነው።

ከሐይቅ፦ ቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ? ጄላቲኑ የአሳማ ቢሆንስ?

አብሽሪ፣ ትችያለሽ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ማሸጊያው ላይ ከከብት የተሠራ መሆኑን አይተሽ ግዢ። የዓሣም አለ፤ ግን ቶሎ ይቀልጣል። ጄላቲኑን ሙቅ ውሃ ውስጥ አሟሚው፣ አታፍይው። ግሊሰሪንና ትንሽ ጨው ጨምረሽ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሺው። ግሊሰሪኑን እንዳትረሺ፤ ያለሱ በቀናት ውስጥ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ከወልዲያ፦ በጨው ሠራሁት። ሳልነካው የመልቲሜትሩ ቁጥር ይጨምራል። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። በጨው ጄል ውስጥ የሚንቀሳቀሱት አዮኖች (ከጨው የሚወጡ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ናቸው። መልቲሜትር ኮረንቲ የሚልከው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ አዮኖቹ ኤሌክትሮዶቹ (ጄሉን የሚነኩት የመለኪያ ጫፎች) ላይ ሄደው ይከማቻሉ፣ ንባቡም ይሸሻል። በተለዋዋጭ ኮረንቲ ለካው። 1 ኪሎኸርዝ ላይ የሚሠራ ኤልሲአር ሜትር (በተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ) ካገኘህ በጣም ጥሩ። ካጣህ በጨው ፋንታ ካርቦን ሞክር። በካርቦን ውስጥ የሚያልፈው በአብዛኛው ኤሌክትሮን ስለሆነ ንባቡ ይረጋል።

ሐር አይሻልም?

ይሻላል፣ ግን ልፋት አለው። ሐርም ፕሮቲን ነው። ክሩን የሸፈነው ሙጫ በሶዲየም ካርቦኔት ተቀቅሎ ይወጣል፤ ክሩ ሊቲየም ብሮማይድ በሚባል ጨው ይሟሟል፤ ከዚያ ጨዉ ቀናት ወስዶ ይታጠባል። የላብራቶሪ ሥራ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት፣ እግሯ ደንዝዟል። ጫማዋ ውስጥ ባደርግላትስ?

እግዜር ይማርልህ። ግን ይሄን አታድርግ። ጄላቲን ከ30 ዲግሪ አለፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል፤ የሰው ገላ ደግሞ 37 ነው። የፕሮቲኑን ሰንሰለቶች እርስ በርስ በኬሚካል አስሮ ማጠንከር ይቻላል፤ ከሚያገለግሉት አንዱ ግሉታራልዲሃይድ ግን መርዛማ ስለሆነ ማጀት አይገባም። ደግሞ ስንራመድ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ግፊት በመቶዎች ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ) ነው፤ ለስላሳ ጄል ይፈርሳል። ለጊዜው ማታ ማታ ውስጥ እግሯንና የጣቶቿን መሃል በመብራት እይላት። ቁስል ወይም የቀላ ቦታ ካየህ ሳታሳድር ሐኪም ጋ ውሰዳት።