ወንጌሉን ጨርሰነዋል ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው እሁድ ከፕሮግራም ስንወጣ አንዱ ልጅ አዌቱ ድልድይ ጋ አስቁሞኝ "ጋሼ፣ ወንጌሉንማ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፣ አሁን ጠለቅ ያለ ነገር ነው የምንፈልገው" አለኝና ስልኩን አውጥቶ ቻርት አሳየኝ፣ የዮሐንስ ራእዩ አውሬ አለ፣ 10ሩ ቀንድ አለ፣ የፋይዳ መታወቂያ ሳይቀር ገብቶበታል ሃሃ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሸኘሁት ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ።

አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ ትልቅ ሰውዬ ሆኜ አንድ ደብተር ሙሉ የዳንኤልን 70 ሱባኤና 2300 ቀን ስደምር ስቀንስ ነበር፣ ፈረንጆቹ 2000 ሲገቡ (በኛ 1992 መሆኑ ነው) አበቃ ብለን ነበር፣ ጥር ላይ ግን በቃ እንደወትሮው ደሞዛችንን ተቀበልን። አሜሪካም ሚለር የሚባለው ሰባኪ በ1844 (በፈረንጆቹ) ጌታ ይመጣል ብሎ ህዝቡን ሲያስጠብቅ ከርሞ ቀኑ ሲያልፍ ስንቱ ነው አንገቱን የደፋው። ጌታ ይመጣል፣ እጠብቀዋለሁ። ቀኑን ግን ማቴዎስ 24፥36 ልጅም አያውቀውም ካለ እኔ ምን ቤት ነኝ? ጴጥሮስ ደግሞ መላእክት ሊመለከቱት ይመኛሉ ያለው የተሰበከልንን ወንጌል ነው፣ ያው እናንተ ጨረስነው ያላችሁትን ማለት ነው።

34 አመት ላብራቶሪ ነው የሰራሁት፣ የጅማን ወባ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ደም የተቀባበትን ስላይድ (መስታወቱን) ጊምሳ በሚባለው ማቅለሚያ ቀብተን፣ ዘይት ጠብ አድርገን በ100 ሌንስ እናያለን፣ ነጌቲቭ ለማለት ቢያንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ አንዴ የሚታየው ቦታ ማለት ነው) ማየት ግድ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ሰልፉ ሲበዛብኝ 20 ያህል አይቼ ነጌቲቭ ጻፍኩ፣ ህጻኑ በ2 ቀኑ እናቱ ጀርባ ላይ ዝሎ ተመለሰ፣ ያንኑ ስላይድ ደግመን ስናየው ፓራሳይቱ እዛው ቁጭ ብሏል። (ልጁ ድኗል፣ ተመስገን።) "እናውቀዋለን" ስትሉኝ ያቺ ስላይድ ናት ትዝ የምትለኝ።

ሒሳብ ከወደዳችሁ እስቲ ማቴዎስ 18 ላይ ንጉሡ የጠየቀውን የባሪያውን እዳ አስሉት። እልፍ (10 ሺ) መክሊት ይላል፣ 1 መክሊት 6000 ዲናር ገደማ ነው፣ ዲናር ደግሞ የቀን ሰራተኛ የ1 ቀን ሂሳብ፣ ስታባዙት 60 ሚሊዮን የስራ ቀን፣ አንድ ቀን ሳያርፍ ቢሰራ ከ164 ሺ አመት በላይ። እና ሰውየው ምን ይላል፣ "ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ"! ይሄን በስልኬ ካልኩሌተር ያሰላሁ ቀን አፈርኩ፣ የኔም ጸሎት እኮ አብዛኛው ታገሠኝ እከፍልሃለሁ ነበር። ንጉሡ ግን ጊዜ አልጨመረለትም፣ እዳውን ነው የተወለት።

ከዛ ይሄው የተማረው ሰውዬ ባልንጀራውን አንቆ የጠየቀውን 100 ዲናር አሰላሁ፣ የ3 ወር ደሞዝ አይደል እንዴ! ለካ ጌታ የተበደልከው ትንሽ ነው አላለኝም። ለስንት አመት ያነበብኩትን ምዕራፍ ያኔ ገና መጀመሪያ ያየሁት መሰለኝ።

ወንድሜ በቡና ንግድ ብር በልቶብኝ 6 አመት አንነጋገርም ነበር። ይሄን ባሰላሁ በሳምንቱ ሄርማታ መርካቶ ሱቁ ድረስ ሄድኩ፣ ገና ከበሩ ሲያየኝ ብር ልጠይቀው የመጣሁ መስሎት መሳቢያውን ቆለፈ። ዱካ ስቤ ቁጭ አልኩና ቡና አስመጣልን አልኩት።